ከጆሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማስታወክ

ጥያቄ፦ ከአሶሳ ነኝ። እናቴ አዲስ አበባ የጆሮ ታምቡር ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው። በኋላ ያስታውካል ሲሉ ሰምተው ፈርተዋል፤ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። የሚዛን መጠበቂያችን ያለው ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ የሆነው የታምቡር አካባቢ ሲነካ ራስ ሊዞር፣ ሆድ ሊገላበጥ ይችላል። መኪና የሚያጥወለውላቸው ከሆነ ወይም ከዚህ ቀደም ከሰመመን ነቅተው አስታውከው ከነበረ፣ ለሰመመን ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ባለሙያው እንደ ዴክሳሜታዞን እና ኦንዳንሴትሮን ያሉ መከላከያዎችን አጣምሮ ሊሰጣቸው ይችላል። ሲነቁ ራሳቸውን ቀና አድርገው ይተኙ፣ በድንገት አይነሱ፤ ውኃ ጎንጨት ጎንጨት እያሉ ይጀምሩ። ትውከቱ ካልቆመ ዝም አትበሉ፤ ማማጡ የተጠገነውን ታምቡር ሊያናጋው ይችላል። የአሶሳው መንገድ ረጅም ነው፤ በመኪናም ሆነ በአውሮፕላን ሐኪማቸው ሳይፈቅዱ አይሳፈሩ።