ምዕራፍ አራት፦ የወር ደመወዝና የዓመት ማዕድ

በሀገራችን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ 13 ወራት ሲኖሩት ደመወዝ የሚከፈለው 12 ጊዜ ብቻ መሆኑን የማያውቅ ሠራተኛ የለም፤ ነገር ግን ይህን ዕውቀት ወደ ማድቤቱ አስገብቶ፣ ጳጉሜን ሳትደርስ ስለ ጳጉሜን እንጀራ ያሰበ ባለትዳር ቢፈለግ የሚገኘው ጥቂት ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱም በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ስድስት ቀን ሆና ትመጣለች፤ በእነዚያ ቀናት ልጆች እንደ ወትሮው ይራባሉ፣ ደመወዝ ግን የለም። እርሷ ስታልፍ እንቁጣጣሽ ከነዶሮውና ከነሽንኩርቱ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ከነደብተሩና ከነጫማው፣ መስቀልም ከነድግሱ ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ይህም ሁሉ የሚሆነው የአምናው እህል ተሟጦ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ ሳለ፣ የጤፍ ዋጋ በዓመቱ ውስጥ ከፍ በሚልበት በዚያ በጭንቁ ወራት ነው።

እንግዲህ በዚህ ምዕራፍ ለማስረዳት የምደክመው ስለ አንድ ነገር ነው፤ የቤት አስቤዛ በወር ሳይሆን በዓመት ሊታሰብ ይገባዋል። ወሩን ብቻ የሚያይ ሰው፣ ምንም እንኳ ቆጣቢና አስተዋይ ቢሆን፣ በየዓመቱ በዚያው ሰሞን በዚያው ዕዳ ሲወድቅ ይኖራል፤ ጥፋቱ የስስት ወይም የብክነት ሳይሆን የሐሳቡ ዘመን ማጠር ነውና።

ኤርንስት ኤንግል የተባለው ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ የቤልጂክ ሠራተኞችን የቤት ወጪ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1857 እንደገለጠው፣ የአንድ ቤተሰብ ገቢ ባነሰ መጠን ከገቢው ለምግብ የሚውለው ድርሻ እየበዛ ይሄዳል። በእኛም ሀገር የዋጋ መለኪያው በሚሰላበት ዝርዝር ውስጥ ምግብ ከግማሽ የበለጠውን ድርሻ ይዞ መኖሩ የዚሁ ሕግ ምስክር ነው። ስለዚህ ለድሀ ቤተሰብ ስለ አስቤዛ ማሰብ ማለት ስለ ኑሮ በሞላ ማሰብ ማለት ነው፤ ከማዕዱ የተረፈው ብቻ ነው የቤት ኪራይ፣ መድኃኒትና ትምህርት የሚሆነው።

ከእንጦጦ ግርጌ በተዘረጋው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያና እስከ ሸጎሌ ያለውን ኑሮ የተመለከተ ሰው፣ የወር ሐሳብ ለምን እንደማይበቃ ወዲያው ይገባዋል። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙ ወር ጠብቆ ይመጣለት እንጂ፣ ከጋሞ ደጋ መጥተው በሽሮ ሜዳ አካባቢ ከሰፈሩት ሸማኔዎች ወገን የሆነው ጎረቤቱ ገቢው የሚከተለው በዓላትን ነው፤ ጥምቀት፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲቃረቡ ነጠላውና ቀሚሱ ይፈለጋል፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን ድርና ማጉ ያለ ገዢ ይቀመጣል። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው በመውረድ ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩት እናቶች፣ እንዲሁም በቀን ሥራ የሚተዳደሩት፣ ገቢያቸው ከበጋ ክረምት ይለያያል። ለእነዚህ ሁሉ ወር ማለት ባዶ ልክ ነው፤ ዓመት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ የአዝመራ ጊዜ አለው፣ የጾምና የፍስክ ጊዜ አለው፣ የዝናብና የፀሐይ ጊዜ አለው።

ከእህሉ እንጀምር። በአንድ ቤት በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ዱቄት ይጋገራል ብንል፣ 100 ኪሎ የሚመዝነው ኩንታል የሚያደርሰው 66 ቀን ነው፤ ለዓመትም አምስት ኩንታል ተኩል ያህል ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር በደብተሯ ላይ ጽፋ ያላየች እመቤት ጤፍ በገዛች ቁጥር ድንገተኛ ነገር የመጣባት ይመስላታል። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ከአድዓ፣ ከምንጃር፣ ከበቾና ከጎጃም ወደ መርካቶ እህል በረንዳ በብዛት ሲገባ፣ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ይወደዳል። የጤፍ ፍሬ በጣም ጥቃቅን በመሆኑ ነቀዝ አያገኘውም፤ እርጥበት ከሌለበት ቦታ ከወለሉ ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ከተቀመጠ ዓመት ቢሻገር አይበላሽም። የሚበላሸው ዱቄቱ ነው፤ ስለዚህ ጤፉን በእህልነቱ አስቀምጦ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ወደ ወፍጮ ቤት መላክ ይሻላል። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ግን ነቀዝ ይወድዳቸዋል፤ እነርሱን አብዝቶ የሚገዛ ሰው ቶሎ ቆልቶና ከክቶ ለሽሮ ያሰናዳቸው።

የጤፉን ዓይነት በተመለከተ ልባዊ ምክሬን ልስጥ። ማኛ የሚባለው ነጭ ጤፍ ለእንግዳ ክብር ሆኖ ቢገኝ መልካም ነው፤ ሠርገኛው ግን በጥቅሙ ምንም የማይጎድልበት፣ በዋጋው የሚቀል ነው፤ ቀዩም ጤፍ በብረት ማዕድን ከነጩ የሚያንስ አይደለም። ከጤፉ ጋር ማሽላ ወይም ገብስ ቀላቅሎ መጋገር በብዙ የሀገራችን ክፍል የኖረ ልማድ ሳለ፣ በከተማችን እንደ ውርደት መቆጠሩ ያሳዝነኛል። ለጎረቤት ዓይን ተብሎ የሚጋገር ነጭ እንጀራ ከልጅ ወተት የሚቀነስ ከሆነ፣ ያ ክብር አይደለም።

ነገር ግን አንባቢዬ፣ «ኩንታል መግዣ ከወዴት ይምጣ?» ብለው ቢጠይቁ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም የድህነት ዋናው ግፍ ድሀውን በውድ ዋጋ የሚያስገዛው መሆኑ ነው። ዘይት በስኒ፣ ስኳር በጥቂት ግራም፣ ሽንኩርት ከጉልት በመደብ፣ በርበሬ በማንኪያ የሚገዛ ሰው፣ ተደምሮ ሲታይ በሊትርና በኪሎ ከሚገዛው ባለጸጋ የበለጠ ይከፍላል፤ በሰፈሩ ሱቅ በዱቤ የሚወስድ ደግሞ ዋጋ ለማነጻጸር ነፃነት የለውም፤ ባለዕዳ ሆኖ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ይከብደዋልና። ለዚህ መድኃኒቱ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። አባቶቻችን ዕቁብን ሲያቆዩልን እንዲህ ላለው ችግር ነው። ሁለት ወይም ሦስት የሚተማመኑ ጎረቤቶች ከመስከረም ጀምረው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ፣ በጥር አንዱን ኩንታል በአንድነት ገዝተው በሚዛን መካፈል ይችላሉ፤ የመጓጓዣውም ወጪ ለሦስት ይከፈላል። ቅርጫ በዚሁ መንገድ ለዘመናት ሲሠራ ኖሯል፤ በሬው ተገዝቶ፣ ታርዶ፣ በመደብ ተደልድሎ፣ በዕጣ ይወሰዳል። ለበዓል ሥጋ ይህን ያህል ሥርዓትና እምነት ያለን ሰዎች ለዕለት እንጀራ እርሱን ማድረግ እንዴት ያቅተናል? በየወረዳው ያሉት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የእሁድ ገበያዎችም መኖራቸው መዘንጋት የለበትም፤ የማኅበሩ አባል ሆኖ ዕቃ መቼ እንደሚገባ መጠየቅ ትንሽ ድካም ነው፣ ጥቅሙ ግን በዓመት ሲደመር ቀላል አይደለም።

ስለ አትክልት የጉለሌ ሰው የተለየ ነገር ደርሶበታል። ቀድሞ ከፒያሳ ወረድ ብሎ የነበረው አትክልት ተራ ለሰሜኑ ሕዝብ በእግር እንኳ የሚደረስበት ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ግን ገበያው ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በከተማይቱ ደቡብ ወዳለው ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ለሁለት ኪሎ ቲማቲም ከሽሮ ሜዳ እስከዚያ መውረድ ኪሳራ ነው፤ ለአራት ቤት በአንድነት ሲሆን ግን ሌላ ሐሳብ ነው። ደግሞስ ሽንኩርትና ቲማቲም በክረምት ሲወደዱ፣ ዝናብ የሚያለመልመውን ጎመን በደጅ መትከል ወይም በአፈር በተሞላ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ማብቀል የሚከለክል ማን ነው? የጉለሌ ደጋማ አየር ለጎመን የታደለ ነው።

አሁን ወደ ጾሙና ወደ ፍስኩ እንመለስ፤ የዓመቱ አስቤዛ ምሥጢር ይልቁንም በዚህ ውስጥ ነውና። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለምእመናን የተወሰነው ጾም በዓመት 180 ቀን ያህል ነው፤ ዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ጾመ ሐዋርያት በየዓመቱ ቁጥሩ የሚለዋወጥ፣ የነቢያቱና የነነዌው፣ ረቡዕና ዓርብም ሳይቀሩ። ከትንሣኤ በኋላ ያለው በዓለ ኀምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነው፤ ስለዚህ ያ ጊዜ የወተቱ፣ የዕንቁላሉና የቅቤው ወጪ ያለ ዕረፍት የሚሮጥበት ወቅት ነው። መስከረም ሲጠባ የሚታወጀውን ባሕረ ሐሳብ የሰማ ሰው፣ ጾሞቹ መቼ እንደሚገቡና መቼ እንደሚፈቱ አስቀድሞ ያውቃል፤ ወጪውንም በዚያው ሊደለድል ይችላል። በጾም ወራት ከሥጋና ከቅቤ የተረፈው ገንዘብ በራሱ አይጠራቀምም፤ በዘይትና በሌላ ትርፍ ነገር ተበትኖ ያልቃል፤ ስለዚህ ጾሙ በገባበት ቀን ልዩነቱን ለይቶ ለዕቁብ መስጠት ወይም በሣጥን መቆለፍ ያስፈልጋል። ቅቤም በጾሙ አጋማሽ፣ ፈላጊው ሲያንስ፣ ተገዝቶና ተነጥሮ ቢቀመጥ ለፋሲካ ዋዜማ ግርግር ከመሰለፍ ያድናል። በርበሬውም እንዲሁ ነው፤ የማረቆና የሐላባ በርበሬ በብዛት ወደ ገበያ በሚወጣበት በበጋው ፀሐይ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተደልዞ የገባ እንደሆነ ዓመቱን ያዘልቃል። ሙስሊም ወገኖቻችንም የረመዳን ወጪያቸው በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ ወሩ ከአዝመራው ጋር ወይም ከክረምቱ ጋር ሲገጥም አስቀድመው ማየት ይጠቅማቸዋል።

ለጳጉሜን የሚሆነው ስሌት ከሁሉ የቀለለ ነው። በየወሩ የግማሽ ቀን አስቤዛ ብቻ ከተቀመጠ፣ በ12 ወር የስድስት ቀን ቀለብ ይሆናል፤ ይህም ለዘመነ ሉቃስ እንኳ ይበቃል።

ከእህሉ ቀጥሎ ማገዶው ወይም መብራቱ አለ። ጉለሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ በደጋ አልበስል የሚሉት ስለዚህ ነው። ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፈው ካደሩ ግን የመብሰያቸው ጊዜ እጅግ ያጥራል። የኤሌክትሪክ ምጣድም ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ የሚስብ ከባድ ዕቃ ነው፤ ቀዝቃዛውን ምጣድ ማጋል ብቻውን ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ ታሪፉም ፍጆታው በጨመረ ቁጥር በየደረጃው ከፍ ይላል። ስለዚህ በየቀኑ አምስት አምስት እንጀራ ከመጋገር የሦስት ቀኑን በአንድ ጊዜ መጋገር ይበጃል።

እስከዚህ ስለ መቀነስ ተናገርሁ፤ ፈጽሞ የማይቀነሰውን ደግሞ መናገር ግዴታዬ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ጓያ የበዛበትን ሽሮ ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ እግርን የሚያሰልል፣ ከዚያም ወዲያ መድኃኒት የማይገኝለት ደዌ ያመጣል፤ በረኃብ ዘመን በሀገራችን ብዙ ጎልማሶች በዚህ ተጎድተዋል። ሽሮ ሲገዙ ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ፤ ከተቻለም እህሉን ራስዎ ገዝተው ያስፈጩ። እንጀራና ሽሮ በአንድነት ሲበሉ እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላል፤ ስለዚህ የአያቶቻችን ማዕድ ለአዋቂ ሰው ድሀ ማዕድ አይደለም። ለሕፃን ግን አይበቃም። ለሕፃኑ በየጊዜው ዕንቁላል ወይም ወተት፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናትም ከሁሉ አስቀድሞ ድርሻዋ ይሰጥ፤ ስለ ጾሟም የንስሐ አባቷን ትማከር። በብዙ ቤት ችግር ሲመጣ መጀመሪያ ከራሷ ሳህን የምትቀንሰው እናት ናት፤ ይህንን ዝም ብሎ የሚያይ ባል ቆጠበ አይባልም።

ደግሞም ደመወዙን ከሚስቱ የሚሰውር ባል፣ የገበያውን ዋጋ ከባሏ የምትሰውር ሚስት ባሉበት ቤት ከላይ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። ዮሴፍ በግብፅ ከጥጋቡ ዘመን አምስተኛውን እጅ ለረኃቡ ዘመን ያስቀመጠው ሰባቱንም ሰባቱንም ዓመት በአንድነት ስላየ ነው፤ በቤትም ዓመቱን በሞላ በአንድነት ማየት የሚቻለው ሁለቱም ሲያዩት ነው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት መርጠው ከባለቤትዎ ጋር ይቀመጡ፤ የግድግዳ መቁጠሪያውንና አንድ ደብተር ያቅርቡ፤ ጾሞቹን፣ በዓላቱን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውንና የጥርን የጤፍ ግዥ በየቦታቸው ይጻፉ፤ በየአንዳንዱም አጠገብ አምና ምን እንዳወጡበት ያስቀምጡ። ያላስታወሱትን ክፍት ይተዉት፤ በሚመጣው ዓመት በትክክለኛው ቁጥር ይሞላል።