ስለ ስም ሰርቨር አቋቋም

ዶሜይን የሚባለውን የኢንተርኔት ስም የያዘ ሰው፥ ስሙ ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚመራ የሚመሰክርለት ሰርቨር ያስፈልገዋል። በመካከል ያሉት ሰርቨሮች መልሱን ከሌላ ተቀብለው ለጊዜው የሚያቆዩ የሰሚ ሰሚ ናቸው፤ ባለ ሥልጣኑ የስም ሰርቨር ግን መዝገቡን ራሱ ይዟል።

አቋቋሙ ብዙ አያስቸግርም። በመዝገቡ ራስ ላይ ኤስ.ኦ.ኤ. የሚባለው መስመር ይጻፋል፤ ቀጥሎ በኤን.ኤስ. መስመሮች የሰርቨሮቹ ስም ይሰፍራል። እነዚሁ ስሞች ከበላይ በሚገኘው መዝገብ፥ ለምሳሌ በኮም፥ ካልገቡ ግን ሰርቨሩን የሚጠይቀው አይኖርም። የሰርቨሩ ስም ከዚያው ዶሜይን የወጣ እንደ ሆነ ቁጥሩም አብሮ ለበላዩ መሰጠት አለበት፤ አለዚያ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው። መዝገቡ በታረመ ቁጥር የኤስ.ኦ.ኤ.ው ተራ ቁጥር ከፍ ካላለ ሁለተኛው ሰርቨር አሮጌውን እንደ ያዘ ይቀራል፤ ይህን ያልረሳ ጀማሪ እስካሁን አላየሁም።

ሰርቨሮቹ ከአንድ በላይ ይሁኑ የሚለውን ደንብ ብዙዎች ለቁጥር ያህል ይፈጽሙታል፤ ሁሉንም በአንድ መስመር ላይ ያቆማሉ። በጥር 2001 እ.አ.አ. ማይክሮሶፍት አራት የስም ሰርቨሮች ነበሩት። አራቱም ከአንድ ራውተር በስተጀርባ ነበሩና የራውተሩ አሠራር በስሕተት በተለወጠ ጊዜ አብረው ተሰወሩ፤ ገጾቹ ራሳቸው ደኅና ሳሉ አንድ ቀን ለሚያህል ጊዜ ብዙ ሰው ሊደርስባቸው አልቻለም። ሰርቨሮቹ በተለያየ ስፍራና በተለያየ መስመር ይቁሙ የሚለው የመሐንዲሶች ምክር፥ በአር.ኤፍ.ሲ. 2182 ከወጣ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።