አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ የደላላውን ድርሻ የሚከፍለው ማነው?

ያገለገለ ልብሱን በኢንተርኔት ገበያ ከሚሸጥ ሰው ላይ የገበያው ባለቤት ድርሻ ይቆርጣል፤ ይኸውም በእኛ አገር ደላላ እንደሚቀበለው ያለ ነው። በክፍል ስለ መቶኛ በተማርንበት ጊዜ ይህን ጉዳይ መርምሬ ነበርና ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

በአሜሪካ ፖሽማርክ የተባለው ገበያ ዋጋው ከ15 ዶላር በታች ለሆነ ሽያጭ 2 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ከመቶ 20 ሲቀበል ቆይቷል። እስቲ እርሳስ አንሡና አስሉ። የ50 ዶላር ካፖርት የሸጠ ሰው 10 ዶላር ይከፍላል፤ ለኪሱ ብሎ የ5 ዶላር ሸሚዝ የሸጠ ተማሪ ግን ከመቶ 59 እጁ ይሄድበታል! እንግዲህ ድሃውን የሚጎዳው መቶኛው ሳይሆን ቁርጡ ክፍያ ነው።

ክፍያው ከሻጩ ላይ ቢነሣስ? ኢቤይ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለግለሰብ ሻጮች ክፍያውን አስቀረ፤ በ2025 ግን ገዢው እንዲከፍል አደረገ። ሜርካሪም በአሜሪካ በ2024 ሸክሙን ከሻጩ ወደ ገዢው አዙሮ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ግን በ2025 መጀመሪያ ከሻጩ ከመቶ 10 መቀበሉን እንደ ገና ጀመረ።

ገዢውም ቢሆን ያስላል። በጠቅላላው ከ20 ዶላር በላይ አላወጣም ያለ ሰው፣ 2 ዶላር ክፍያ ከተጨመረበት ለዕቃው የሚሰጠው 18 ነው፤ ሻጩም ከ20 ዶላር ላይ 2 ቢቆረጥበት የሚደርሰው ያው 18 ነው።