ዕፅዋት በል ጥንዚዛዎችና በሰብል ላይ የሚያደርሱት ጉዳት

ድርቅ ባጠቃቸው አካባቢዎች ምርት ሲቀንስ ምክንያቱ ሁሉ በዝናብ እጥረት ላይ ይጣላል። ይህም ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። ሆኖም የተባይ ድርሻ ሳይመረመር የሚቀርብ ግምት የዘንድሮውን የእህል ርዳታ ቢያስገኝም የሚመጣውን ዓመት ጥፋት አያስቀርም። ስለሆነም በመስክ የተሰማሩ ሠራተኞች አንድ ሰፊ የጥንዚዛ ቤተሰብን ለይተው እንዲያውቁ ይህ ጽሑፍ ቀርቧል።

ቤተሰቡ በሳይንስ ስሙ ስካራቤዴ ይባላል፤ በውስጡም ከ30,000 በላይ ዝርያዎች ይገኛሉ። እበት የምታንከባልለው ጥንዚዛ ከዚሁ ወገን ናት፤ እርሷ ለገበሬው ባለውለታ ስለሆነች ከአጥፊዎቹ ጋር አብራ ልትቆጠር አይገባም። አብዛኞቹ ግን ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ሥር የሚበሉ ናቸው።

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አጥፊው እጩ ነው ወይስ ያደገው ጥንዚዛ የሚለው ነው። ሜሎሎንቲኔ በሚባለው ክፍል ዋናው ጉዳት አድራሽ እጩ ሲሆን፣ እርሱም ራሱ ቡናማ፣ ሰውነቱ እንደ ማጭድ የታጠፈ ወፍራም ነጭ ትል ነው። ከመሬት በታች ሆኖ ሥር ይቆርጣል። ሜሎሎንታ የተባለው የአውሮፓ ዓይነት በዚህ አኳኋን ሦስት ወይም አራት ዓመት በአፈር ውስጥ ይቆያል። ቡቃያው ሲጠወልግ ገበሬው ሰማይን ያማርራል። ነገር ግን በውኃ ጥም የጠወለገ ቡቃያ ሲስቡት ሥሩ አፈሩን ጨብጦ ይታገላል፤ በትል የተበላው ግን ያለ ሥር ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል። ይህ ፍተሻ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ሴቶኒኔ በሚባለው ክፍል ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እጩ በአመዛኙ የሚመገበው የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ነው። አውጥተው በደልዳላ መሬት ላይ ቢያስቀምጡት በጀርባው ተንጋልሎ፣ እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል፤ በዚህም ከሥር ቆራጩ ይለያል። አጥፊው ያደገው ጥንዚዛ ነው። ለአገራችን ዋናው ምሳሌ ፓክኖዳ ኢንተሩፕታ የተባለው የማሽላ ጥንዚዛ ነው። በሳህል አገሮች የዳጉሳ መሰል ሰብሎች ተባይ በመሆን የታወቀ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በአማራና በአፋር ቆላማ አካባቢዎች ከባድ የማሽላ ጠላት ሆኗል። በከፋ ጊዜ የምርቱ 70 በመቶ ያህል እንደጠፋ ተዘግቧል።

ተባዩ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ይተካል። በሰኔ ዝናብ ሲጥል ከመሬት ይወጣል፤ ያገኘውን አበባና ፍሬ እየበላ ይራባና በሐምሌና በነሐሴ እንቁላሉን አፈር ውስጥ ይጥላል። አዲሱ ትውልድ በመስከረምና በጥቅምት ብቅ ሲል የሚያገኘው ወተት የያዘ ማሽላ ነው። ለበጋው ስንቅ የሚይዘው ከዚህ እሸት ነው፤ ከዚያም እንደገና መሬት ገብቶ እስከሚቀጥለው ክረምት ተደብቆ ይቆያል። የደረቀና የጠነከረ ፍሬ አይደፍርም። ስለዚህ ዝናብ ዘግይቶ እሸቱ ከጥንዚዛው መውጫ ጋር የገጠመ እንደሆነ፣ ድርቁና ተባዩ በአንድ ማሳ ላይ ተረዳድተው ያጠፋሉ።

የግምገማ ቡድን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሲደርስ የሚያየው ባዶ የማሽላ ራስ እንጂ ጥንዚዛውን አይደለም። በዚህ ጊዜ «ዝናብ አጠረ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ይልቁንም ገበሬዎቹን ማሽላው ወተት ሲይዝ ምን እንደወረደበት መጠየቅና መልሱን ከዝናብ መዝገቡ ጎን ማስፈር ይገባል።

መድኃኒት መርጨት በእኛ አስተያየት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ጥንዚዛው በቀን የሚበር በመሆኑ ከተረጨው ማሳ ወደ ጎረቤት፣ ከማሳ ወደ ግራር ይሸሻል፤ ጉዳቱም ንብ አናቢውን ይነካል። በአገራችን በተደረጉ የመስክ ሙከራዎች የአበባና የበሰለ ፍራፍሬ ሽታ ተባዩን ወደ ወጥመድ እንደሚስብ ታይቷል። ወጥመዱ ግን በሰኔና በሐምሌ፣ እንቁላል ሳይጣል፣ መንደሩ ሁሉ በአንድነት ቢዘረጋው ይሻላል። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያደርገው የጎረቤቱን ጥንዚዛ ወደ ራሱ ማሳ ይጠራል።

ለሠፈራ ሥራ ኃላፊዎች አንድ ነገር እንጨምራለን። እንቁላልና እጭ ከችግኝ ሥር አፈር ጋር ይጓዛሉ። የኮኮናት ዘንባባን የሚያጠፋው ባለ ቀንድ ጥንዚዛ እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ሳሞአ የገባው ከሲሎን ከመጣ የጎማ ዛፍ ችግኝ ጋር ነበር። የጃፓን ጥንዚዛም በ1916 አሜሪካ ውስጥ በኒው ጀርሲ ተገኘ፤ ዛሬም ከዚያ አገር አልጠፋም። ስለዚህ ወደ ሠፈራ ጣቢያ የሚጓጓዝ ችግኝ ከመጫኑ በፊት የሥሩ አፈር ተበትኖ ይፈተሽ፤ ፍግ ግን ከቦታ ወደ ቦታ ባይጫን ይመረጣል።