ዕዳ ከሜዳ፤ በስልክ ስለሚመጣ የሐሰት ዕዳ ጠያቂ

«ዕዳ ከሜዳ» የሚለው አነጋገር ሳያስቡት የሚመጣን ጣጣ ለመግለጽ ከአባቶቻችን ሲወርድ ሲዋረድ የቆየ ነው። በዛሬው ዘመን ግን አነጋገሩ ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ በቁሙ እውነት ሆኗል። ሰው ያልተበደረውን ገንዘብ፥ ከማያውቀው ሰው፥ በስልክ «ክፈል» ይባላል። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ከሚኖሩት ወላጆቻችን ብዙዎቹ ስልክ ይዘዋል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም ስልክ መነጋገሪያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ መያዣ ሆኗል። ስለዚህ የመጽሔታችን አንባቢያን ይህን የማታለል ዘዴ ዐውቀው ለቤተ ሰቦቻቸው እንዲያስረዱ በማሰብ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ።

ሐሰቱን ለመለየት አስቀድሞ እውነተኛ ዕዳ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይገባል። በጥንት ዘመን በአገራችን አበዳሪና ባለ ዕዳ አብረው ታስረው የሚቆዩበት ልማድ ነበር፤ ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ልማዱ ከባድ ስለ ነበረ መቅረቱ መልካም ነው። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም ባለ ዕዳው አበዳሪውን በዐይኑ ያየው እንደ ነበር ነው። ዕዳ ፊት ነበረው፤ ምስክርና ዳኛም ነበረው።

የዛሬው ሕጋችንም ዕዳ ማስረጃ እንዲኖረው ያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። በቁጥር 1922 ደግሞ ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠና ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ልክ ካልተወሰነ ዋጋ እንደሌለው ይናገራል። እንግዲህ በባዶ አፍ «ዋስ ነበርህ» ብሎ ማስከፈል አይቻልም ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው እውነተኛ ዕዳ ከስልኩ ጥሪ በፊት ዱካ እንዳለው ነው፤ ዱካውም ውሉ፥ ዋሱ፥ የተቀበሉት ገንዘብና የመክፈያው ቀን ነው። የሐሰቱ ዕዳ ግን ዱካ የለውም፤ በእርግጥም ከሜዳ ይመጣል።

ታዲያ አታላዩ ለምን ይሳካለታል? አንደኛው ምክንያት በብዙ ቤት እውነተኛ ብድር መኖሩ ነው። ገበሬው ለማዳበሪያ ይበደራል፤ መኸሩን ሰብስቦ ይከፍላል። በቀድሞው አብቁተ፥ በዛሬው ፀደይ ባንክ፥ በቡድን እርስ በርስ ዋስ እየሆነ የተበደረ ብዙ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር መላ የሚባለው በስልክ የሚገኝ ብድር ተጨምሯል። ስለዚህ ደዋዩ «ብድር አለብህ» ሲል ሰው «ምናልባት የረሳሁት ይኖር ይሆን?» ብሎ ይጠራጠራል። ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። የወገናችን ሰው ዕዳ ካጅ ከመባል ጥሪቱን ቢያጣ ይመርጣል። የሰው ገንዘብ መካድ የለመደ ሰው በዚህ ጥሪ አይደነግጥም፤ የሚደነግጠው ታማኙ ነው። አታላዩም ወጥመዱን የዘረጋው በዚሁ በታማኝነታችን ላይ ነው።

በሰፈራችን ድንች እየሸጡ የሚተዳደሩ አንዲት እናት የደረሰባቸውን ለምሳሌ ልጥቀስ። ደዋዩ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠርቶ፥ «እናቴ፥ ከባንክ ነው። የወሰዱት ብድር ቀኑ አልፏል፤ ዛሬ እስከ 9 ሰዓት 3,800 ብር በዚህ ስልክ ካልላኩ ፖሊስ ይመጣብዎታል» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፥ እኔ የምን ብድር ወሰድሁ?» ቢሉት፥ «እንግዲያው ስምዎን ከመዝገብ እንድሰርዘው አሁን በስልክዎ የሚመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» አለ። እሳቸው ግን «ውሉ የት ተፈረመ? ዋሴስ ማን ነበር? መዝገቡ ካለ ነገ ገበያ ስወጣ ቢሮው ድረስ መጥቼ አየዋለሁ» አሉት። ይኸን ጊዜ ስልኩ ተዘጋ።

ከዚህ አጭር ንግግር አራት የማታለል ምልክቶች እናገኛለን።

1ኛ/ ጥድፊያ። «እስከ 9 ሰዓት» የተባለው ሰውየው እንዳያስብና ሰው እንዳያማክር ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ እውነተኛ ዕዳ አንድ ሌሊት ቢያድር አይጠፋም።

2ኛ/ ማስፈራራት። የብድር ክርክር በፍትሐ ብሔር የሚታይ ነው። ከሳሽ ክሱን ለፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ለተከሳሹም መጥሪያ በጽሑፍ ይደርሰዋል። በስልክ የሚፈረድ ዕዳ የለም።

3ኛ/ ወደ ግለሰብ ስልክ ማስላክ። የባንክ ብድር የሚከፈለው በተበዳሪው የብድር ሒሳብ ላይ ነው እንጂ ለማይታወቅ ሰው ስልክ አይደለም።

4ኛ/ የምስጢር ቁጥር መጠየቅ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በመልእክት የሚመጣው ማረጋገጫ ቁጥር ከምስጢር ቁጥሩ ጋር ሲጣመር ሒሳቡን በሌላ ሰው ስልክ ላይ ሊከፍት ይችላል። ዕዳ የሚጠይቅ ሰው ገንዘብ ይፈልጋል እንጂ የጎተራህን ቁልፍ ምን ያደርግለታል?

«ስሜን እንዴት ዐወቀው?» የሚል ይኖራል። ገንዘብ ሲላክ የተቀባዩ ስም ብዙ ጊዜ በላኪው ስልክ ላይ ስለሚታይ፥ ስም ማወቅ የባንክ ሠራተኛ መሆንን አያስረዳም።

ሌላም የዚህ ወንድም የሆነ ዘዴ አለ። በመጀመሪያ የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍ ይመጣል፤ ጥቂት ቆይቶም አንድ ሰው እየተማጠነ «በስሕተት ብር ልኬብሃለሁና መልስልኝ» ይላል። በዚህ ጊዜ መልእክቱን ሳያምኑ ቀሪ ሒሳብን ራስን ችሎ መመልከት ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢገኝ እንኳ ለደዋዩ ከመላክ ለድርጅቱ አስታውቆ በእሱ በኩል እንዲመለስ ማድረግ ይሻላል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ስልኩን ዘግቶ ራስ መደወል ነው። ለቴሌብር 127፥ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፥ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ተደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ደዋዩ በሰጠው ቁጥር ግን መደወል አይገባም። ቅርንጫፉ ቅርብ ከሆነ በእግር ሄዶ መጠየቅ ከሁሉ ይበልጣል። በሠለጠነው ዓለምም መፍትሔው ከዚህ አይርቅም፤ በአሜሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ዕዳ ሰብሳቢው ባለ ዕዳውን ባነጋገረ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ልክና የአበዳሪውን ስም በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። እዚያም ቢሆን የሚታመነው ወረቀቱ ነው።

ገንዘቡ ከተላከ ወይም ቁጥሩ ከተነገረ ደግሞ በዚያው ሰዓት ለድርጅቱ ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ፥ የምስጢር ቁጥሩን መለወጥ፥ መልእክቱን ሳያጠፉ የደዋዩን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፎ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ማታለልን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የተታለለ ሰው አፍሮ ዝም ቢል ግን አታላዩ ወደ ጎረቤቱ ይደውላል።

ይህን ስል እውነተኛ ዕዳ ያለበት ሰው «አታላይ ነህ» እያለ ከአበዳሪው ይሽሽ ማለቴ አይደለም። ብድርን በቀኑ መመለስ የክብር ሥራ ነው፤ ዱካውን መጠየቅም ለሐቀኛው አበዳሪ አያስቀይመውም።

ውድ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፥ ለዕረፍት ወደ ነፋስ መውጫ፥ ወደ አርብ ገበያ፥ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ፥ ከዚያም ወደየቀበሌያችን ስንበተን የወላጆቻችንን መልእክት የምናነብላቸው እኛ ነን። እኛ በሌለንበት ቀን ስልኩ ሲጠራ ግን ብቻቸውን ናቸው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች በቃል እናስጠናቸው፤ «ማን አበደረኝ? ወረቀቱ የት አለ? ዋሴ ማን ነው?» ደዋዩ እነዚህን መመለስ ካልቻለ፥ ስልኩን ዘግተው ወደ ሥራቸው ይመለሱ።