መውረዱን አስቀድሚ

ቆይ፣ ሒሳቡን ከመክፈልሽ በፊት አንዴ ወደኔ ዞር በይ። ቀለሙ እንደማረከሽ አይቻለሁ፤ ሻጩም አይቶታል። ቀለሙን ለጊዜው ተዪውና ጎንበስ ብለሽ ከመሪው ሥር ያለውን አንገት፣ የላይኛውና የታችኛው ቱቦ የሚገናኙበትን ቦታ፣ በጣትሽ ዳብሺው። ቀለሙ በቀጭን መስመር ተሰንጥቆ ወይም ቱቦው ተጨማዶ ካገኘሽው ይሄ ሳይክል ፊት ለፊት ተጋጭቶ ያውቃል። እዚያ ቦታ ላይ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ተበየደ ተብሎ አይታመንም። ምንም ያህል ቢቀንሱልሽ አትውሰጂው።

ደህና ከሆነ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስተሽ አሽከርክሪው። ቸርኬው ግራና ቀኝ ቢወላገድ አትደንግጪ፤ ሽቦዎቹን በማጥበቅ የሚቃና ነገር ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅምሻል። ጎማውን ይዘሽ ወደ ጎን ስትወዘውዢው የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ግን ኩሽኔታው አልቋል ወይም የመሃሉ ዘንግ ታጥፏል። የሁለቱን ማሠሪያ ዋጋ ጠይቂና ከመሸጫው ዋጋ ላይ ደምረሽ አስቢው።

ያንን ፊትም ኋላም አሞርዛተር ያለውን እንዳታነሺው። በዚህ ዋጋ ሁለት አሞርዛተር የተገጠመለት ሳይክል ገንዘቡ ያለቀው ለዓይን በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ ፍሬኑ፣ ማርሹና ኩሽኔታው ከርካሹ ተመርጦ የገባ ነው። ክብደቱም ዳገት ላይ ያደክምሻል። ፊቱ ላይ ብቻ አሞርዛተር ያለው፣ ኋላው ደረቅ የሆነ ፍሬም ለአንቺ በቂ ነው፤ የሚበላሽበትም ነገር ትንሽ ነው።

የጎማውን መጠን ጎኑ ላይ አንብቢ። 26፣ 27.5 ወይም 29 ይላል፤ ኢንች ነው። ዛሬ አዲስ ሆነው የሚሠሩት ተራራ ሳይክሎች አብዛኞቹ 29 ናቸው፣ ትልቅ ጎማ ድንጋይና ሥር ላይ ቀለል ብሎ ስለሚያልፍ። አሮጌዎቹ ግን በብዛት 26 ናቸው። አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም፤ ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ሰፈርሽ ያለውን ሳይክል ጠጋኝ የትኛውን መጠን እንደልብ እንደሚያገኝ ጠይቂው። የማይገኝ ጎማ ያለው ምርጥ ሳይክል በረንዳ ላይ ቆሞ ነው የሚቀረው። ንፋስ የሚገባበትንም እዪ። ወፍራሙ እንደ መኪና ጎማ ስለሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋልሻል። ቀጭኑና ጫፉ ላይ ትንሽ ዳዶ ያለው ከሆነ ማገናኛ ይፈልጋል፤ ማገናኛዋ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ናት፣ አንድ ገዝተሽ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ገንዘብ ከተረፈሽ እዚህ ላይ ይዋል፤ ካልተረፈሽም ከሌላው ቀንሰሽ እዚህ ላይ አውዪው። ሰው ስለ ተራራ ሳይክል ሲያወራ የሚያወራው ስለ መውጣቱ ነው፣ ስለ ሳንባና ስለ ጉልበት። እኔን የሚያሳስበኝ መውረድሽ ነው። ዳገቱ ሲከብድሽ ወርደሽ ትገፊዋለሽ፤ ቁልቁለት ላይ ከፈጠንሽ በኋላ ያ ምርጫ የለሽም። ስፖርቱ ራሱ የተወለደው በቁልቁለት ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ከባድ ሳይክሎችን እየጫኑ ተራራ ላይ ወጥተው ሪፓክ በተባለ አቧራማ መንገድ ቁልቁል መሽቀዳደም ጀመሩ። ፍሬናቸው ፔዳሉን ወደኋላ ሲረግጡት የሚይዝ፣ የኋላው ጎማ መሃል የተቀበረ ነበር። ታች እስኪደርሱ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ስለሚጨስ ለሚቀጥለው ውድድር ፈትተው እንደገና መሙላት ነበረባቸው። በዓመቱ ከመካከላቸው አንዱ፣ ጆ ብሪዝ፣ ለዚህ ሥራ ብሎ አዲስ ሳይክል ሠራ። የእንጦጦን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ያ ጭስ ለምን እንደወጣ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስለዚህ ዲስክ ፍሬን ያለውን ያዢ። በካቦ የሚሠራው ርካሽ ነው፣ ማንም ሠራተኛ ያስተካክለዋል፤ ካቦው ሲላላ ግን አንቺው ማጥበቅ ልመጂ። በዘይት የሚሠራው በአንድ ጣት ያቆምሻል፣ እጅሽም ረጅም ቁልቁለት ላይ አይዝልም። ይህን ከመረጥሽ አንድ ነገር በልብሽ ያዢልኝ፦ ሺማኖ የሚሠራቸው የዘይት ፍሬኖች የሚሞሉት በማዕድን ዘይት ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት ከገባባቸው ውስጣቸው ያለው ጎማ ያብጥና ፍሬኑ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ ያንኑ የመኪናውን ዓይነት የሚጠይቁ አሏቸው። የትኛው እንደሚገባ ፍሬኑ ላይ ወይም በመመሪያው ተጽፏል። ሠራተኛው ጠርሙስ ሲያነሳ «ይሄ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ መጠየቅሽ ቅር ቢያሰኘው እንኳ ጠይቂ።

የትኛው እጅ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝም ዛሬውኑ፣ እዚሁ ቆመሽ ፈትሺ። አገር ቤት የሚገባው ሳይክል ከየአገሩ የመጣ ነው። ለእንግሊዝ ወይም ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ የፊቱ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው፤ ለአሜሪካና ለአብዛኛው አውሮፓ የተሠራው በግራ ነው። የጓደኛሽን ለምደሽ በራስሽ ስትወጪ ልማድሽ ከተገለበጠ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በድንጋጤ የምትጨብጪው ፍሬን ከኮርቻው ያነሳሻል። ያልተመቸሽ ከሆነ ሁለቱን አቀያይሮ እንዲገጥምልሽ አድርጊ።

ዲስኩን በባዶ እጅሽ አትንኪው። የጣት ቅባት እንኳ የማቆም ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ ከቁልቁለት በኋላ ደግሞ ያቃጥላል። ካቴናውን ዘይት ስትቀቢ ጠብታ ከፈነጠቀበት በአልኮል ጥረጊው፤ ዘይቱ የፍሬን ሸራው ውስጥ ከሰረገ ግን ሸራውን መቀየር ነው የሚሻለው። አዲስ ሸራ ሲገባም ቀጥታ ተራራ አትውጪበት። ሜዳ ላይ ትንሽ ፈጠን እያልሽ፣ እስክትቆሚ ሳትደርሺ አጥብቀሽ እየያዝሽ መልቀቁን ደጋግሚው፤ ሸራውና ዲስኩ የሚላመዱት በዚህ ነው።

ኮርቻው ላይ ልምጣ፤ ይሄን ወንዶቹ አይነግሩሽም። ቁመቱን ለመለካት ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርገሽ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግርሽ ፊት ስትረግጪ ጉልበትሽ በመጠኑ ይታጠፋል። ዝቅ ካለ ጉልበትሽን ያምሻል፤ ከፍ ካለ ዳሌሽ ይወዛወዛል። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ካለ የሚጎዳሽን ቦታ ራስሽ ታውቂዋለሽ፤ አስተካክዪው፣ ወይም እንደ አጥንትሽ ሰፋ ያለ ፈልጊ። መደንዘዝና መቁሰል የስፖርቱ ግዴታ አይደለም። ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ከገዛሽ ከሥሩ ሌላ የውስጥ ልብስ አትልበሺ። ስፌቱ ይፍቅሻል፤ ቁምጣው የተሠራው ቆዳሽ ላይ እንዲለበስ ነው።

ንፋሱን ጎሚስታው ብቻ እንዲወስን አትተዪው። የመኪና ጎማ የለመደ እጅ ጎማሽን እስኪደርቅ ነው የሚነፋው፤ እንዲያ ሲሆን ድንጋይ ላይ ይነጥራል፣ አፈሩንም አይጨብጥም። ለአንቺ ክብደት፣ የውስጥ ጎማ ላለው ተራራ ሳይክል፣ ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ከኋላ ትንሽ ጨምሪ። ሲፈነዳብሽ ቀዳዳውን አንብቢው። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆነ ንፋሱ አንሶ ቸርኬው የውስጥ ጎማውን ከድንጋይ ጋር ነክሶታል ማለት ነው። አንድ ከሆነ እሾህ ነው፤ አዲሱን ከመክተትሽ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን ቀስ ብለሽ ዳብሺ፣ እሾኹ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቅሻል።

ካቴናውን በተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ። ተዪ። ወፍራም ነው፣ ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት፣ የበጋ አቧራ ሲለጠፍበትም ጥርሶቹን ይበላቸዋል። የሳይክል ዘይት በየመጋጠሚያው ጠብ አድርጊ፣ ፔዳሉን አዙሪ፣ ከዚያ ውጭ ላይ የቀረውን በጨርቅ ጥረጊው። በየጊዜው ማስመሪያ አምጪና ለኪው። ከአንዱ ፒን መሃል ጀምረሽ 24 ፒን ስትቆጥሪ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ሲደርስ ቀይሪው። እሱን ያዘገየ ሰው ቀጥሎ የኋላውን ጥርስ በሙሉ ነው የሚገዛው።

ሄልሜቱን አዲስ ግዢ፣ ያገለገለ አትግዢ፤ ወድቆ እንደሆነ ከውጭ አያስታውቅም። ከቅንድብሽ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይቅር እንጂ ወደ ማጅራትሽ አይንሸራተት።

እንግዲህ እንጦጦ። በሽሮ ሜዳ በኩል ስትወጪ ማርሹን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ቀንሺ። ረግጠሽ በተጫንሽው ቅጽበት ከቀየርሽ ካቴናው ይዘላል ወይም ይበጠሳል። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ስትጠጊ የምትስቢው አየር ከባሕር ጠረፉ በሢሶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ከተማችን ከፍ ያለች ስለሆነች ለምደሽዋል፣ ግን ከመጀመሪያው ካጣደፍሽው እግርሽ ይከዳሻል። ማውራት እስከምትችዪበት ድረስ ብቻ ግፊ። ኮርቻው ላይ ወደፊት ጠጋ በይ፣ ደረትሽን ዝቅ አድርጊ፣ የፊቱ ጎማ እንዳይነሳብሽ።

መውረዱን ከአጭሩ ጀምሪ። አንድ አጭር ቁልቁለት ምረጪና መጀመሪያ በእግርሽ ወርደሽ እዪው፣ ከዚያ እሱኑ ደጋግሚው። ኮርቻውን ዝቅ አድርጊ። ተነሥተሽ ቁሚ፣ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ይሁኑ፣ ክብደትሽ እግርሽ ላይ ይረፍ፣ ክርንሽ ይታጠፍና ወደ ውጭ ይከፈት። ፍሬኑ ላይ አንድ አንድ ጣት ብቻ፤ ሌሎቹ መሪውን ይያዙ። ሁለቱንም ፍሬን ተጠቀሚ። ፊተኛውን ፈርተሽ በኋላኛው ብቻ ብትወርጂ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ አያቆምሽም፤ የማቆሙ ኃይል የሚበዛው ከፊት ነው፣ ግን ቀስ ብለሽ እየጨመርሽ እንጂ በአንዴ አትጨብጪው። ፍጥነትሽን ቀጥታው ላይ ቀንሺና ኩርባው ውስጥ ፍሬኑን ልቀቂ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ አታሺው፤ ያዝ፣ ለቀቅ አድርጊው፣ ዲስኩ እንዲተነፍስ። ዓይንሽን የፈራሽው ድንጋይ ላይ አትትከዪ፤ የምትሄጂበትን ተመልከቺ፣ እጅሽ ዓይንሽን ይከተላል።

የባሕር ዛፉ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት ከሥሩ ያለውን ይደብቅብሻል፤ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ያንሸራትታል። የዛፍ ሥር ሲገጥምሽ አግድም አትጓዢበት፣ ቀጥ ብለሽ፣ ፍሬን ሳትይዢ እለፊው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን ቀዩ አፈር እስኪደርቅ ጠብቂ። አንቺ መንሸራተትሽ ብቻ አይደለም፤ ጎማሽ የቆፈረውን መስመር ውሃው ተከትሎት ቦይ ያደርገዋል፣ የሚቀጥለው ክረምት ደግሞ መንገዱን ይዞት ይሄዳል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የተዘጋጀ መንገድ አለልሽ፤ ጀማሪ ሳለሽ እዚያው ተለማመጂ።

ከዚህ ሁሉ አጥብቄ የምነግርሽ ስለ ሰዎቹ ነው። በዚያ ጫካ ውስጥ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ጭነቱ ከወገባቸው አጉብጧቸው ከእግራቸው ሥር በቀር አያዩም፣ በስፋቱም መንገዱን ሞልቶታል። እነሱ ዘወር ሊሉልሽ አይችሉም፣ ሊሉልሽም አይገባም። ከሩቅ ስታያቸው ቁሚ፣ ውረጂ፣ ሳይክልሽን ከመንገዱ አውጥተሽ ያዢና እስኪያልፉ ጠብቂ። «እንደምን ዋላችሁ» በይ። ከኋላ ከደረስሽ ደወል አትደውዪ፤ በድምፅሽ ከሩቁ አሰሚያቸው፣ የተሸከመ ሰው ሲደነግጥ ይወድቃል። ለአህያውም፣ ወደ ጸበል ለሚወጣው አረጋዊም፣ ልምምድ ላይ ላለው ሯጭም እንዲሁ ነው። አንቺን አይቶ «ሴት ልጅ በሳይክል» የሚል አይጠፋም። መልስ ሳትሰጪው እለፊ፤ እግዜር ሁለት እግር የሰጠሽ ለመሄድ ነው፣ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂም።

ብቻሽን አትውጪ። መንፊያ፣ አንድ የውስጥ ጎማ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች፣ ውሃ፣ ባትሪው የሞላ ስልክ ያዢ። ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት ውረጂ፣ እንጦጦ ማታ የጅብ ነው። ጭቃ ይዘሽ ከተመለስሽም ላቫጆ አትውሰጂው፤ የግፊቱ ውሃ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያወጣዋል። በባልዲ፣ በጨርቅና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እጠቢው።

በይ አሁን ሒሳብሽን ክፈዪ። ቅዳሜ ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ ቤት ይዘሽው ነይ፤ የዲስኩን ብሎኖችና የመሪውን ማጥበቂያ አብረን እንፈትሻቸዋለን።