የመኪና ኢንሹራንስ ማንን ይጠብቃል?

ኢንሹራንስ ወይም መድን ማለት ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው፣ ከመካከላቸው ጉዳት የደረሰበትን የሚደግፉበት ዘዴ ነው። ነገሩ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቅሬአችን የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነውና። ልዩነቱ የቅሬ መተማመኛ ጉርብትና ሲሆን፣ የመድን መተማመኛ የተጻፈ ውል መሆኑ ነው። በውሉ ያልተጻፈ አይከፈልም። ብዙ ሰዎች በመኪናቸው መስተዋት የተለጠፈውን ምልክት እያሳዩ «ኢንሹራንስ አለኝ» ሲሉ እሰማለሁ። የምን ኢንሹራንስ? ብሎ መጠየቅ ግን ይገባል።

የመጀመሪያው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። አንደኛው ወገን ባለመኪናው፣ ሁለተኛው መድን ሰጪው፣ ሦስተኛው ከውሉ ውጭ ሳለ በመኪናው የተጎዳው ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለዚህ መድን መኪና መንዳት ክልክል ነው። እሑድ ለሰንበቴ ገበያ ከአፋር ቆላ ግመል እየነዳ መጥቶ የደሴን አውራ ጎዳና የሚያቋርጠው ገበያተኛ ሦስተኛ ወገን ነው። እርሱ ቢጎዳ ለአካሉ፣ ግመሉ ብትሞት ለንብረቱ ካሣ የሚከፈለው ከዚህ መድን ነው። አዋጁ ሲወጣ የካሣው ጣሪያ ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። ከጣሪያው የተረፈው ጉዳት ግን በባለመኪናው ጫንቃ ላይ ይቀራል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2081፣ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋልና።

ይህ መድን ለባለመኪናው ለራሱ መኪና ግን አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ሁለተኛው ዓይነት በዚያ ላይ ቃጠሎንና ስርቆትን ይጨምራል። ሦስተኛው፣ ሙሉ ዋስትና የሚባለው፣ ግጭትንና መገልበጥንም ያካትታል። ይሁን እንጂ «ሙሉ» የሚለው ስም አያታልለን፤ በተለመደው ውል ጦርነት አይካተትም፤ ለሁከት የሚሆነውም ዋስትና ለብቻው ይገዛል። ደግሞም 1,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ500,000 ብር ብቻ ዋስትና ቢገባለትና የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ የሚታሰበው ግማሹ፣ ማለት 100,000 ብር ነው።

አደጋ ሲደርስ ሽማግሌዎች ማስታረቃቸው ደም የሚያደርቅ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከዕርቁ ጋር ለፖሊስና ለመድን ሰጪው ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ካሣው ሊቀር ይችላል። የሕክምና ተቋምም ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሣ የሚከፍል የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ይህን ሳያውቅ ለሕክምና ብሎ ከብቱን የሚሸጥ አባት ሊኖር አይገባም።

እንግዲህ ፊደል የቆጠርን ተማሪዎች አንድ ሥራ አለብን። ባለመኪናም ሆነ ባለባጃጅ ዘመዳችን ውሉን ከመፈረሙ በፊት እናንብብለት፤ ገበያተኛውንም መብቱን እናስረዳው።